ሆዴ የጋራ ቦታ አይደለም

«አንዲት ሲኒ ምን ታደርግሃለች?»

ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የፈለሰፈውን ሰው ባውቀው፣ ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ ቄጤማው ላይ ተቀምጬ፣ ሦስቱንም ዙር እምቢ እለው ነበር።

ሰሞኑን ጥያቄው በርትቶብኛል። ጨጓራዬን በኦፕሬሽን አስቀንሼ ከመጣሁ ወዲህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያለው ብሎካችን ለሁለት ተከፍሏል። አንደኛው ወገን «ይጠጣ» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ይጠጣ፣ ግን በስኳር ሳይሆን በጨው» ይላል። አይጠጣ የሚል ወገን የለም። እኔ ደግሞ ድምፅ የለኝም።

ነገሩን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሐኪሞቹ ስሊቭ ይሉታል። ከጨጓራ ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ቆርጠው ያወጡታል። የሚቀረው ቀጭን ቱቦ ነው፤ የሚይዘውም ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። ወደ ቤት ሲሸኙኝ ረጅም ወረቀት አስያዙኝ። መጀመሪያ ፈሳሽ ብቻ። ከዚያ የላመ። ከዚያ ለስለስ ያለ ምግብ። ውሃ በቀን 1.5 ሊትር ያህል፣ እሱም ፉት እያሉ። ምግብና መጠጥ አብረው አይገቡም፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይራራቁ። ጋዝ ያለው መጠጥ ይረሳ። ቡና ደግሞ ቁስሉ እስኪሽር የለም፤ የጨጓራን አሲድ ይቀሰቅሳል። እስከ መቼ እንደሚከለከል ሐኪሞች ራሳቸው አንድ አይደሉም። አንዱ አንድ ወር ይላል፣ ሌላው ይገፋዋል። የእኔው ገፋው።

ይህን ሁሉ ወረቀቱን ይዤ ለጎረቤቶቼ አነበብኩላቸው። የሦስተኛ ፎቋ እትዬ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ፣ «እሱማ ልክ ነው ልጄ። ሐኪሙ ያለው የማሽኑን ቡና ነው። ይሄ እኮ የጀበና ነው» አሉኝ።

የሚገርመኝ፣ እኛ መከልከልን የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ኦርቶዶክሱ አጽዋማቱን ሁሉ ልጹም ካለ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋና ከወተት ይርቃል። ሙስሊሙ ጎረቤቴ በረመዳን ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃ እንኳን ወደ አፉ አያደርስም። «ጾም ላይ ነኝ» ካልክ ነገሩ እዚያው አለቀ። «ተዉት፣ ጾመኛ ነው» ይባላል። ሽሮ ይቀርብልሃል፤ ክብርም ትጨምራለህ። «ጸበል ላይ ነኝ» ካልክማ ጀበናውን ራሱን ከአጠገብህ ያርቁልሃል፤ ሽታው እንዳይፈትንህ ብለው።

«ሐኪም ከልክሎኛል» በል እስቲ። ቤቱ ሁሉ ጠበቃ ይሆናል። የትኛው ሐኪም ነው? ልጅ ነው ትልቅ ሰው? እሱ ራሱ አይጠጣም? ሌላ ጋ ለምን አትታይም? አንዷ እንዲያውም «ሐኪም እኮ እንደዚያ ማለት ሥራው ነው» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ሁሉም ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

ግራውንድ የሚኖሩት ጋሼ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። እሳቸውም መሰከሩ። «እኔ አሰብ መስመር ላይ በባዶ ሆዴ ቡና እየጠጣሁ ነው ወጣትነቴን የጨረስኩት። ይኸው አለሁ!» እውነት ነው፣ በሕይወት አሉ። ጨጓራቸው ደምቶ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል መተኛታቸውንም የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ያን ዕለት ግን አላነሱትም፤ እኔም አላነሳሁባቸው። ትልቅ ሰው ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ታሪክ አለ፤ ታገሡኝ። ዛሬ ቡና እምቢ ያለ ሰው ሃይማኖቱን እንደለወጠ ይታያል አይደል? እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። በሰሜኑና በመሀል አገር ብዙ ካህናት ቡና ለክርስቲያን አይገባም ይሉ ነበር። ነገሩ እየላላ የመጣው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ንጉሡ ራሳቸው ይጠጡ ነበር። እንግዲህ የእትዬ ቅድመ አያት ሲኒ ቢቀርብላቸው አማትበው ይሸሹ ነበር ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው እትዬ አማተቡ። አማትበው ሲያበቁ ቀዱልኝ።

ሌላም አለ። ከምናመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሳችን ነው የምንጠጣው። እኔ ባልጠጣ የእኔ ድርሻ ውጭ ተልኮ ዶላር ያመጣል። ይህን ለጋሼ አቀረብኩላቸው። «ያንተ ሲኒ ነው ዶላሩን ያስወደደው?» አሉኝ።

አንድ ደግሞ የምወዳት ተረት አለች። ሆድና ግንባር አይሸሸግም። ስሰማት ሁልጊዜ የሚታየኝ፣ የተረተው ሰው ጋቢ የሌለው ድሃ መሆኑ ነው። ጋቢ ቢኖረው ሆዱን ቢያንስ እስከ ምሳ ሰዓት ይሸሽግ ነበር። እኔ ጋቢም ነበረኝ፣ ሰፊ ሹራብም ነበረኝ፣ ደረት ላይ የሚታቀፍ የላፕቶፕ ቦርሳም ነበረኝ። አልሆነም። ግንባርን ሰው አይቶ ያልፈዋል። ስለ ሆድ ግን አስተያየት ሳይሰጥ የሚያልፍ ሰው የለም።

ሚዛን ይዘው መንገድ ዳር የሚቀመጡትን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ። መገናኛ አሉ፣ ሜክሲኮ አሉ፣ ሳሪስ አሉ። ከመካከላቸው አንዱን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። የታክሲ ሰልፍ ተሰልፌ፣ ሰልፉ አልንቀሳቀስ ሲል፣ ወጣ ብዬ ሚዛኑ ላይ ቆምኩ። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ሲል የነገረው ለእኔ አይደለም፤ ለሰልፉ ነው። «132 ኪሎ!» ሰልፉ በሙሉ ዞረ። ረዳቱ ሳይቀር ከታክሲው አንገቱን አወጣ። አንዲት እናት ከልባቸው «እግዚአብሔር ይጨምርልህ» አሉኝ። ከፈልኩት ደግሞ። መልሴንም አልሰጠኝ። ወደ ሰልፉ ስመለስ ቦታዬ ተይዟል፤ የያዘው ሰውዬ «አንተ ለሁለት ሰው ነው የምትከፍለው?» ብሎ ሳቀ። ጨጓራዬን ያስቆረጠኝ ስኳሬና ደም ግፊቴ ነው ብዬ ለሁሉም እናገራለሁ፤ ሐኪሙም የጻፈው እሱን ነው። ያ ልጅም ድርሻ አለው።

ያኔ ስወፍር «አምሮብሃል፣ ያዝ አድርገሃል መሰለኝ» የሚሉኝ ሰዎች ነበሩ። ያዝ ያደረግኩት ነገር አልነበረም፤ የቤት ዕዳ ነበር ያለብኝ። አሁን ስከሳ እነዚያው ሰዎች ፊታቸውን አጨፍግገው «ምነው? ምን ሆንክ?» ይሉኛል። ስትወፍር ሀብታም፣ ስትከሳ በሽተኛ። መሀል ላይ የቆመ ሰው ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ቆሜበት አላውቅማ።

አንዷ ባለቤቴን ደረጃ ላይ አስቆመቻት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ግን ተመርምሯል?» አለቻት። ምኑን ብላ ጠየቀቻት። «ያውና» አለች።

እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ሰው ስኳሩ አስጨንቆት፣ ጉልበቱ ደረጃ መውጣት አቅቶት፣ ከዘመድ ተበድሮ ሆዱን ሲያስቆርጥ፣ ያልያዘውን በሽታ ባትለጥፉበት ምን ነበረበት? ደግሞስ ቢይዘው? በመድኃኒት ሥራውን እየሠራ፣ ልጁን እያሳደገ የሚኖረው ስንቱ ነው። እሱም አብሯችሁ ቡና የሚጠጣ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ደረጃ ላይ የምታወሩትን እየሰማ። ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይሻላል ይባላል። የሩቅ ዘመድ ቢያንስ ሩቅ ነው።

እሺ። ወደ ቡናው።

እኔ ቡና ጠልቼ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የረሃብ ሆርሞን አለ፤ ግሬሊን ይባላል። አብዛኛው የሚመነጨው ከዚያ ከተቆረጠው የጨጓራ ክፍል ነው። እውነትም ጥብስ አይቼ እንደ ድሮው ልቤ አይጠፋም። ሐራራ ግን ጨጓራ ውስጥ አይደለም መኖሪያው። የመጀመሪያው ሰሞን ራሴ ሊፈነዳ ነበር፤ ቡና በድንገት ያቆመ ሰው ሁሉ ያን ራስ ምታት ያውቀዋል። እትዬ ሲቆሉ ደግሞ ጭሱ ደረጃውን ወጥቶ በበሬ ሥር ይገባል። ኮንዶሚኒየም ነው፤ ምን ይደረጋል። ጣሪያው የጋራ፣ ደረጃው የጋራ፣ ግቢው የጋራ፣ ጭሱም የጋራ።

ሆዴም እዚህ ዝርዝር ውስጥ የገባው እንደዚሁ ሳይሆን አይቀርም። የሚያናድደኝ፣ በሌላው የጋራ ነገር ላይ ማንም እንዲህ ተግቶ አያውቅም። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ላይኛው ፎቅ ደግሞ ግፊቱ አይደርስም። ፓምፕ እንግዛ ተብሎ ስብሰባ ሲጠራ የሚመጣው ኮሚቴው ብቻ ነው፤ እሱም ሰብሳቢው ቀርቶ። የደረጃው መብራት ከተቃጠለ ስንት ጊዜው። የጥበቃ መዋጮ ሲሰበሰብ የሁሉም በር ይቆለፋል፤ ቴሌቪዥኑ ግን ከውስጥ ይሰማል። ሽንኩርት ልጣጭ ከላይ ወደ ታች የምትደፋዋ ሴትዮ ማን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚናገራት የለም። ለእኔ ሆድ ግን ሁልጊዜ ምልዓተ ጉባኤ ይሟላል። ያቺው የልጣጭ ሴትዮ እንኳን ከላይ ወርዳ አስተያየት ሰጥታለች። ተልባ ይሻለዋል ብላ።

አሁን አንድ ምስጢር ልንገራችሁ፤ ብሎኩ ውስጥ ለሚኖር ሰው እንዳታወሩ። ሐኪሙ ፈቅዶልኛል። ትንሽ፣ ቀጠን ያለ፣ ስኳር የሌለበት፣ ከምግብ የተራራቀ። ከአይረን ኪኒኔም አንድ ሁለት ሰዓት መራቅ አለበት፤ ቡና ብረቱን ሰውነት እንዳይወስደው ይከለክላል። ታዲያ ለምን አልጠጣም? ምክንያቱም በዚህ አገር አንዲት ሲኒ የሚባል ነገር የለም። አንዲት ሲኒ ጠጥቶ የተነሳ ሰው ካለ ወይ ስልክ ተደውሎለታል፣ ወይ ተጣልቷል። አቦልን ተቀብለህ ቶናን እምቢ ማለት ስድብ ነው። ቶናን ጠጥተህ በረካ ሳይቀዳ ከተነሳህ ደግሞ እስከሚቀጥለው እሁድ የሚደርስብህ ነገር ሁሉ የእሱ ጦስ ነው። ፈንዲሻው አለ፣ ቆሎው አለ፣ ድፎው አለ፤ የሐኪሙ ግማሽ ሰዓት የት ይገባል? ስኳሩም ሳይጠይቁህ ነው የሚጨመረው። ብዙ ስኳር በአንዴ ሲገባ ደግሞ ዳምፒንግ የሚሉት አለ፤ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሆድ ይቆርጣል። ባይፓስ የሚባለውን ሌላውን የጨጓራ ኦፕሬሽን የተሠሩት ላይ ይብሳል፤ ስሊቭም ሙሉ በሙሉ አያመልጥም። ሰው ቤት ቄጤማ ላይ እንዲህ ቢያደርገኝ፣ «ያውና» ያለችው ሴትዮ ምን እንደምትል አስቡት።

የብረት ኪኒኑን ደግሞ እትዬ ከነጭራሹ አልተቀበሉትም። «ጤፍ እየበላህ የምን ብረት!» ብለው ዘግተውታል።

እንግዲህ አልጠጣም፤ ፈቃዴንም ደብቄ ነው የምቀመጠው። ባለፈው እሁድ ግን እትዬ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ሰለቻቸው። የማይጠጣ ሰው ይሥራ ተባለ። ማራገቢያውን ሰጡኝ። እኔም ከሰሉን አራግባለሁ። ሳልዋሽ፣ ቦታው አይከፋም፤ ሽታው ከማንም በፊት የሚደርሰው ለእኔ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ስለ ሽታ የተጻፈ ነገር የለም። ትንሽ እንደቆየሁ ጋሼ አዩኝ አዩኝና፣ «አጥብቀህ እንጂ! ይሄ ልጅ ጉልበቱ አልቋል እኮ» አሉ። ሁሉም አዘኑልኝ። እትዬ ገንፎ ሊያገነፉልኝ ተነሱ። ቅቤው ለጋ ነው ተብያለሁ።