ሰንደቁን የሰቀለው ሯጩ ነው?

የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2021 ውሳኔውን አሳወቀ፤ በቶኪዮው ኦሊምፒክም በሽልማት መድረክ በተቃውሞ መንበርከክ፣ እጅ ማንሳት ክልክል ሆነ። ምክንያቱ መጠይቅ ነበር። ከ3,500 በላይ ስፖርተኞች ተጠይቀው 67 በመቶዎቹ መድረኩ የተቃውሞ ቦታ አይደለም ብለዋል። ታዲያ ምን ይሁን? ጥቂቶች ተበደልን ሲሉ «ይናገሩ ወይስ ዝም ይበሉ?» ብሎ ያልተበደለውን መጠየቅ የምን ፍርድ ነው?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን «ፖለቲካን ወደ ስፖርት አታምጡ» የሚለው ነው። ልጁ ሮጦ ያሸንፋል። ሰንደቅ የሚሰቅለው፣ መዝሙር የሚያስከፍተው ማን ነው? ኮሚቴው ራሱ። መሪዎች አሸናፊውን ቤተ መንግሥት ጠርተው ፎቶ ይነሳሉ። ይህ ሁሉ ፖለቲካ ካልሆነ አንገት መድፋት በምን ሒሳብ ፖለቲካ ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1936 በርሊን ላይ የናዚ ሰላምታ ሲሰጥ የአሜሪካው ኮሚቴ መሪ ኤቨሪ ብሩንዴጅ ትንፍሽ አላለም። በ1968 የዓለም አቀፉ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ሆኖ ግን ጥቁር አሜሪካውያኑን ሯጮች ቶሚ ስሚዝንና ጆን ካርሎስን ከሜክሲኮው የኦሊምፒክ መንደር አስባረረ። ምን አጠፉ? በሽልማት መድረኩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው በጥቁር ካልሲ ቆሙ። የነበራቸው አንድ ጥንድ ጓንት ብቻ ስለሆነ ስሚዝ የቀኙን፣ ካርሎስ የግራውን አጥልቀው፣ የጥቁሮችን በደል ለመቃወም እጃቸውን ጨበጡና አነሱ። አንድ ቃል አልተናገሩም።

መዝሙር ክብር አለው፤ የአገሬ መዝሙር ሲሰማ እኔም ሆዴ ይባባል። ያ ግን በኮሚቴ ደንብ ታዝዤ አይደለም።

የእኛ ሰዎችም ያሳዝኑኛል። በ2016 ፈይሳ ሌሊሳ ሪዮ ላይ በማራቶን ሁለተኛ ሲገባ፣ በኦሮሚያ ስለሚገደሉት ወገኖቹ እጆቹን አጣምሮ ሲያሳይ ያጨበጨቡ ሰዎች፣ በዚያው ሰሞን የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቹ ኮሊን ካፐርኒክ በመዝሙር ሰዓት ሲንበረከክ «ያበላውን አገር ናቀ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለፈይሳ የተፈቀደ ሐዘን ለጥቁሩ አሜሪካዊ ለምን ይከለከላል? እሱም የሚያለቅሰው በፖሊስ ጥይት ለወደቁት ነው።

ከስሚዝና ካርሎስ ጋር መድረክ ላይ የቆመው አውስትራሊያዊው ፒተር ኖርማን እጁን እንኳ አላነሳም፤ የሰብዓዊ መብት አርማ ደረቱ ላይ ለጠፈ እንጂ። በዚያች አርማ አገሩ ፊቷን አዞረችበት። በ2006 ሲሞት ሬሳ ሣጥኑን የተሸከሙት ስሚዝና ካርሎስ ናቸው። የአውስትራሊያ ፓርላማ ይቅርታ የጠየቀው በ2012 ነው፣ ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ። የቶኪዮዎቹ ልጆችም ይቅርታቸውን መቃብር ውስጥ ሆነው ይጠብቁ?