የመድረክ ፀጉር በድሬ ፀሐይ

በግንቦት ወር ድሬዳዋ ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ቀጥ ብለው የሚቆሙት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ የለገሃሩ ባቡር ጣቢያ ሕንፃና የሴት ሚዜ ፀጉር። ሌላው ሁሉ ጋደም ብሏል። ጎልማሳው ጫቱን ይዞ ፍራሹ ላይ፣ ፍየሉ የከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር፣ የባጃጁ ሹፌር እግሩን በጎን አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሟል። በዚያ ሰዓት የሰው ልጅ ፀጉር ብቻውን ሦስት ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ወደ ግራ አዘንብሎ፣ ጫፉ ላይ አበባ ተሰክቶበት እንዲቆም ማድረግ የዋዛ ሙያ አይደለም። ባለሙያዎቹም ይህን ያውቃሉ፤ ዋጋቸውን ከፀጉሩ ጋር አብረው ሰቅለውታል።

ሳቢያን ውስጥ አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት በሩ ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ለጥፏል። «ለፋሽን ትርኢት፣ ለፊልም ቀረጻና ለቀጥታ ስርጭት የሚሆን የፀጉር ዲዛይን እንሠራለን» ይላል። ከግርጌው፣ በጣም ቀርቦ ለሚያይ ሰው ብቻ፣ «ሹሩባም እንሠራለን» ተብሎ ተጨምሯል። ሹሩባ ይህን ሁሉ ዘመን የአገሩን ራስ ስታስውብ ኖራ ግርጌ ላይ መጣሏ ሳያሳዝነኝ አልቀረም። በዓመት ስንት የፋሽን ትርኢት ቢኖር ነው ድሬዳዋ እንዲህ ያለ ባለሙያ የሚያስፈልጋት ብሎ የሚጠይቅ የዋህ ካለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከተማችንን ዞሮ አያውቅም ማለት ነው። ትርኢቱ የዘወትር ነው። ሠርግ ትርኢት ነው፣ ምርቃት ትርኢት ነው፣ ቀፊራ ወርዶ ቲማቲም መግዛት እንኳ ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚቀርጽ ሰው ከተገኘ ትርኢት ይሆናል። መድረክ ላይ ያልወጣ ሰው ጠፋ፤ የቸገረው ተመልካች ነው።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሦስት ሴቶች ካስክ ሥር ተደርድረዋል፤ መብራት ከጠፋ ቆይቷል፤ ሆኖም ተራቸውን ላለመነጠቅ ከሥሩ አይወጡም። አንዷ ስልኳን አውጥታ ከሚላኖ ይሁን ከለንደን የመጣ የሞዴል ፎቶ ታሳያለች፤ «ይህን ነው የምፈልገው።» ዲዛይነሯ ፎቶውን አገላብጣ ካየች በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለች፤ «ከየት በኩል ነው የሚቀርጹሽ?» ሰርጉ ላይ ካሜራው በቀኝ የሚቆም ከሆነ የቀኙ ይራቀቃል፤ የግራው እንዲያው ለደንቡ ይያያዛል። ደንበኛዋም ቀኑን ሙሉ ግራዋን ለግድግዳ እየሰጠች ትውላለች። ከግራዋ የመጣ ዘመድ ሰላም ቢላት አትዞርም፤ ኮርታ ነው ተብሎ ይታማል።

የመድረክ ፀጉር ሲፈጠርም ለረጅም ዕድሜ አልተፈጠረም። በታላላቆቹ የፋሽን ሳምንታት አንድ ትርኢት አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ዋናው የፀጉር ባለሙያ አስቀድሞ ከልብስ ዲዛይነሩ ጋር ተቀምጦ አንዲት ሞዴል ላይ ይሞክራል፤ ሲስማሙ ረዳቶቹ ያንኑ በሌሎቹ ሁሉ ራስ ላይ ይደግሙታል። ሞዴሏ ከመድረኩ እንደ ወረደች ወደ ሌላ ትርኢት ትሮጣለች፤ የዚያኛው ቡድን የመጀመሪያ ሥራም የቀደመውን ሙጫና ስፕሬይ ማስለቀቅ ነው። ለሩብ ሰዓት የታሰበ ይህ ፀጉር እኛ ዘንድ ሲደርስ ሠርጉን፣ መልሱን፣ ቅልቅሉንና በሳምንቱ የሚመጣውን የጎረቤት ክርስትና እንዲያደርስ ይጠበቅበታል። የተከፈለበት ገንዘብ እስኪወጣ ድረስ አይፈታም። ባለቤቲቱም ትራስ ላይ ራሷን ማሳረፍ ስለማትችል ግድግዳ ተደግፋ ታነጋለች። የጥንት ሰዎች ለዚህ ብርኩማ ነበራቸው፤ አንገታቸውን እንጨቱ ላይ አሳርፈው ፀጉራቸውን አየር ላይ ያሳድሩ ነበር። ብርኩማውን ሙዚየም አስገብተን ስናበቃ ፀጉሩን መልሰን አመጣነው።

የያኔው ፀጉር የመታወቂያ ወረቀትን ሥራ ይሠራ ነበር። ቁንጮ የተተወለት ሕፃን፣ ጋሜ የተላጨች ልጅ፣ ሳዱላዋ የሚታይ ኮረዳ፣ ከማዶ ሆነው ሲያዩአቸው ማን ምን እንደሆነ ይለያል። ዐፄ ቴዎድሮስን ያለ ሹሩባቸው የሣለ ሠዓሊ ማንን እንደሣለ ከሥር መጻፍ ይኖርበታል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያገባች ሴት ፀጉሯን ለሁለት ከፍላ ከጆሮዋ ኋላ ትጠቀልልና በጉፍታ ትሸፍነዋለች። እ.ኤ.አ. በ1977 አንድ የጠፈር ፊልም ልዕልቲቱን በሁለት ጆሮዎቿ ላይ ፀጉሯን ጠቅልላ ሲያቀርባት ዓለም ጉድ አለ። አንዲት የሐረር አያት ያን ፊልም ብታይ ኖሮ፣ ልጅቷ ጉፍታዋን የት ጥላ እንደመጣች ነበር የምትጠይቀው።

ፀጉርን ከልክ በላይ መቆለል የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ ለፈረንሳዮች የሚገባቸውን ክብር እንስጣቸው። በንግሥት ማሪ አንቷኔት ዘመን ሊዮናር የሚባል ፀጉር ሠሪ የቤተ መንግሥቱን ሴቶች ራስ በሽቦ፣ በውስጥ ትራስና በዱቄት ያሳድገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1778 «ቤል ፑል» የተባለች የፈረንሳይ የጦር መርከብ ከእንግሊዝ መርከብ ጋር ተታኩሳ ስሟ ሲገን፣ ከነሸራዋ የወይዛዝርት አናት ላይ ወጣች። የሠረገላው ጣራ አላስገባ ያላቸው ሴቶች ወለሉ ላይ ተንበርክከው ይጓዙ እንደነበር የዘመኑ ሰዎች ጽፈዋል። አሜሪካ ውስጥ ዲትሮይት ከተማ ደግሞ «ሄር ዎርስ» በሚባል የፀጉር ትርኢት ላይ ሄሊኮፕተር የሆነ ፀጉር ክንፉን እያሽከረከረ ቀርቧል። የፓሪሱም የዲትሮይቱም ባለሙያ ያልገጠመው ፈተና ባጃጅ ነው።

አንዲት ሚዜ ከፀጉር ቤት ወጥታ ባጃጅ ስትሳፈር አይቻለሁ። ፊቷን አስቀድማ ሞከረች፣ ጀርባዋን አስቀድማ ሞከረች፣ በመጨረሻ ሰውነቷን አስገብታ ራሷን በጎን በኩል ውጭ አስቀረችው። ሹፌሩ ይህን ሁሉ በመስታወቱ በትዕግሥት ሲከታተል ቆይቶ፣

«እህቴ፣ የሁለት ሰው ነው የምትከፍይው» አላት።

«ብቻዬን እኮ ነኝ!»

«ታዲያ ያቺን ማን አመጣት?» አለና በአገጩ ወደ ፀጉሯ ጠቆመ።

ከፈለች። በከዚራ መንገድ ሲሄዱ ቅርንጫፍ በመጣ ቁጥር ጎንበስ፣ ባለፈ ቁጥር ቀና ትል ስለነበር፣ እጅ የነሣቻቸው መስሏቸው ባርኔጣቸውን አንሥተው አጸፋውን የመለሱ ሽማግሌዎች ነበሩ።

ፀጉሩ ለምን እንደሚፈርስ ባለሙያዎቹ ያውቁታል፤ ለደንበኛ አይናገሩትም እንጂ። ፀጉር በአብዛኛው ኬራቲን የተባለ ፕሮቲን ነው። በፎንና በፒያስትራ ቅርጽ ሲይዝ የሚለወጠው በውስጡ ያለው የሃይድሮጅን ትስስር ነው፤ ይህ ደግሞ ውኃ ሲነካው ይላላል። ፐርም የሚነካው ከዚህ የጠነከረውን የሰልፈር ትስስር ስለሆነ ነው ታጥቦም የማይለቀው። ስፕሬዩም ቢሆን ከላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ዘለላዎቹን ያያይዛቸዋል እንጂ ውስጡን አያጠነክረውም። እንግዲህ የድሬን ፀሐይ ብቻ መውቀስ ግፍ ነው። ጠላቱ ከሥር፣ ከራስ ቆዳ የሚመነጨው ላብ ነው። ከሥሩ እየላላ ከላይ በስፕሬይ ቀጥ ብሎ ስለሚታይ ነገር ሲነሣ አንዳንድ መሥሪያ ቤቶችን መጥቀስ አምሮኝ ነበር፤ ወደ ፀጉሩ ልመለስ።

ላቡን ያለፈ ደግሞ ወደ ሐረር የሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ይጠብቀዋል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ሙሽራ ከድሬ ወደ ሐረር ስትሄድ አጀቡ ጠመዝማዛውን ሽቅብ ይወጣል፤ ሙቀቱ ከኋላ ይቀራል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ጊዜው ዝናም ከሆነ ጉሙ ይወርዳል። ድሬ ላይ ከነግርማው የተነሣው ፀጉር ሐረር ሲደርስ፣ አማቶች ስልካቸውን አውጥተው «የላካችሁልን ፎቶ ሌላ ነበር» ይላሉ።

የፊልም ፀጉር የራሱ ጭንቀት አለው። ታሪኩ በቅደም ተከተል አይቀረጽም፤ ሰውየው በሩን ሲከፍት ዛሬ፣ ገብቶ ሲቀመጥ ከወር በኋላ ሊሆን ይችላል። በመካከሉ አንዲት ዘለላ ከቀኝ ወደ ግራ ብትዞር ተመልካች ይነቃል። ለዚህ ነው ፀጉር ሠሪዋ ተዋናዩን ከፊት፣ ከኋላና ከሁለቱ ጎኖች ፎቶ እያነሣች መዝገብ የምትይዘው። ካሜራው ሊነሣ ሲል ማበጠሪያዋን ይዛ መጨረሻ የምትገባው እሷ ናት፤ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የምትወቀሰውም እሷው።

እዚሁ ከዚራ ይቀረጽ በነበረ አንድ ድራማ ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ጎፈሬ ነበረው። ቀረጻው በገንዘብ እጦት ተቋረጠ፤ ሲቀጥል ተዋናዩ ለአጎቱ ልጅ ሠርግ ብሎ ተላጭቶ መጣ። የራስ ፀጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፤ አዘጋጁ ደግሞ የቤት ኪራይ አለበት። ባርኔጣ ተገዛ። ሰውየው በጎፈሬ ሆኖ በሩን ከፈተ፣ ባርኔጣ ደፍቶ ገባ። የሠፈራችን ሴቶች ባርኔጣው ውስጥ የውርስ ወረቀት ተደብቋል ብለው እስከ መጨረሻው ክፍል በትዕግሥት ጠበቁ። ሌላው ቡድን ደግሞ ባቡሩ ድሬዳዋ የገባበትን የ1895 ዓ.ም. ታሪክ ለገሃር ላይ ሲቀርጽ፣ ሸክም የሚያወርዱት ወጣቶች ሁሉ ጎናቸው በማሽን ተነሥቶ አናታቸው ብቻ ቀርቶ ነበር። ፀጉር ሠሪ ቅጠሩ ቢባሉ በጀት የለም አሉ፤ ለምሳ ግን ፍየል ታርዷል።

ድራማው አልቆ ምስጋናው ሲዘረዘር ሆቴሉ አለ፣ ሚኒባሱን ያዋሰው አለ፣ ግቢያቸውን የፈቀዱት አሉ። ፀጉር የሠራች ሴት የለችም። ሆሊውድም ቢሆን ፈጥኖ አልተገለጠለትም። ኦስካር የሜካፕ ሽልማቱ ስም ላይ ፀጉር ሥራን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ በዚያ ዘርፍ ጥቁር ሴቶች፣ ሚያ ኒልና ጃሚካ ዊልሰን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፉትም በ2021።

ቀጥታ ስርጭት ከሁሉም ይከፋል፤ «ድገሙት» የለበትም። በውጭ አገር የሙዚቃ ቴአትሮች ትንሿ ማይክሮፎን ከዊጉ ሥር፣ ግንባር ዳር ላይ ትደበቃለች፤ ፀጉር ሠሪውና የድምፅ ባለሙያው ተማክረው ነው የሚሠሩት። እኛ ጋ የሚማከር የለም፤ ድሮን አለ። ሙሽሮቹ ከነሚዜዎቻቸው ተሰልፈው፣ ዘመድ ከጅቡቲ፣ ከጅዳና ከቶሮንቶ በስልክ እየተከታተለ፣ ድሮኑ ቪዲዮውን ላሳምር ብሎ ዝቅ ሲል የግማሽ ቀን ሥራ በአንድ ጊዜ ወደ ደቻቱ አቅጣጫ ተኛ። ቀራጩ ወደ ስልኩ እያየ «በጣም ያምራል!» ይላል፤ እሱ የሚያየው ከላይ ነው። ከቶሮንቶ አንዲት አክስት «ዙሪ እስቲ፣ ጀርባሽን አሳዪን» ብላ ጻፈች። ከጅዳ ሌላዋ «ማን ነው የሠራት?» አለች። ይህ ጥያቄ አድናቆትም ክስም ሊሆን ስለሚችል ፀጉር ሠሪዋ ከሥር መልስ ለመጻፍ አልደፈረችም።

ለቅሶ ቤቱም አልቀረ። ጥንት ኀዘንተኛ ፀጉሯን ትነጭ ነበር። ዛሬ ያን ያህል የተከፈለበትን ፀጉር የሚነጭ አንጀት የለም፤ ነጠላውን ከላይ ለመጣል እንኳ ሁለት ሰው ያግዛታል።

ይህን ሁሉ ካልሁ ዘንድ አንድ ነገር ልመስክር። ድሬዳዋ ውስጥ ያሉት ምርጥ የፀጉር ሥራዎች ካሜራ አይቷቸው አያውቅም። በብዙ የሙስሊም ቤተሰቦች ሠርግ የሴቶቹ ድግስ ለብቻው ነው። በር ላይ ስልክ ይሰበሰባል፤ ሰብሳቢዋ አክስት ስለሆነች ማምለጫ የለም። ከዚያ ወዲያ ሻሹ ይነሣል። በወሬ እንደሰማሁት እዚያ ቀኙ ብቻ አምሮ የሚያመልጥ ፀጉር የለም፤ አዳራሽ ሙሉ ሴት ዙሪያውን ታየዋለች፣ ትልልቆቹም በእጃቸው እየዳሰሱ ሥሩ ድረስ ይመረምሩታል። የዚህ ድግስ ፀጉር ሠሪ ለማስታወቂያ የምትለጥፈው አንድ ፎቶ የላትም፤ በሯ ላይም ምንም አልተጻፈም። ተራ ግን አይገኝባትም።

ወዳጄ ለእህቱ ሠርግ የሚስቱን ፀጉር ዋጋ ከፍሏል። ሚስቱ ከፀጉር ቤት በሻሽ ተሸፍና ወጣች፣ ድግሱ ላይ ዋለች፣ እኩለ ሌሊት ላይ በሻሽ ተሸፍና ገባች። ሰውየው አልተኛም።

«እስቲ ልየው» አላት።

ሻሿን አወለቀች። ፀጉሯ የማክሰኞ ፀጉሯ ነው።

«አንተ ደግሞ! እዚያው ፈታሁት እኮ፤ ሽቦው ራሴን ወጋኝ።»

ስልኩን አንሥቶ ክፍያው መድረሱን የሚያበስረውን መልእክት እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበበ።

«እሺ፣ ያምር ነበር?»

«አክስትህን ጠይቃት፤ ሁለቴ ነካክታዋለች።»