ኅዳጉ ይጥበብ ወይስ ይስፋ? በዳሌ ካንሰር የጨረር ዕቅድ ላይ የተደረገ ክርክር

የመከራከሪያው ነጥብ፦ ለዳሌ ካንሰር የጨረር ሕክምና ሲታቀድ፣ አንጀትን፣ የሽንት ፊኛንና የአጥንት መቅኔን ለማዳን ሲባል በዕጢው ዙሪያ ተጨምሮ ጨረር የሚያርፍበት ኅዳግ መጥበብ አለበት ወይ?

ተከራካሪ ሀ፦
አለበት እላለሁ። የማኅፀን በር ካንሰር ላለባት ሴት ከውጭ የሚሰጠው ጨረር ብዙውን ጊዜ 45 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ሲሆን፣ በ25 ጊዜ ተከፋፍሎ ይሰጣል። ይህ መጠን በትንሹ አንጀት ላይ በሰፊው ካረፈ፣ ታካሚዋ ከካንሰሩ ከዳነች ከዓመታት በኋላም ከተቅማጥ፣ ከደም መፍሰስና ከአንጀት መጥበብ ጋር ልትኖር ትችላለች። ፓርሰር የተባለውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው የሕንድ ጥናት 300 ታካሚዎችን በሁለት ከፍሎ፣ ገሚሶቹን በቀድሞው ዘዴ፣ ገሚሶቹን ደግሞ የጨረሩ ጥንካሬ በየአቅጣጫው በሚለዋወጥበት አይኤምአርቲ በተባለው ዘዴ በምስል እየመራ አክሟል። በሦስት ዓመት ውስጥ የታየው መካከለኛና ከዚያ የከፋ የአንጀት ጉዳት በመጀመሪያዎቹ 42.4 በመቶ፣ በሁለተኞቹ 21.1 በመቶ ሲሆን፣ ካንሰሩ በዳሌ ውስጥ ተመልሶ በመምጣቱ ረገድ ግን ልዩነት አልተገኘም። ይህን የሚያህል ሥቃይ ማስቀረት እየተቻለ በሰፊ ኅዳግ መቀጠል በምን ይደገፋል?

ተከራካሪ ለ፦
ባልደረባዬ የጠቀሱትን ውጤት እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የዚያ ጥናት ታካሚዎች ማኅፀናቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው ነበሩ። ማኅፀኗ ባለበት ሴት ነገሩ ይለያል። ለዕቅዱ የሚያስፈልገው ሲቲ ስካን የሚነሣው ፊኛዋ ሞልቶ፣ ማኅፀኗም ወደ ላይና ወደ ኋላ ተገፍቶ ሳለ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ፊኛዋ በጨረሩ ስለሚቆጣ ሽንቷን መያዝ ያቅታታል፤ ፊኛው ሲጎድል ማኅፀኑ ወደ ፊት ይዘነበላል፣ የላይኛው ጫፉም በሴንቲሜትሮች ይንቀሳቀሳል። ኅዳጉ ጠባብ ከሆነ ያ ጫፍ ከታዘዘው መጠን ውጭ ይወድቃል፣ በኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ዕቅድ ግን አሁንም ያማረ ይመስላል። አንጀት የተጎዳባትን ሴት ማከም አስቸጋሪ መሆኑን አልክድም፤ ቀድሞ ጨረር በወሰደ ዳሌ ውስጥ የተመለሰን ካንሰር ማከም ግን ከዚያ እጅግ ይከብዳል።

ተከራካሪ ሀ፦
ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን ሁሉን አቅጣጫ እኩል ማስፋት አይደለም። ፊኛው ሞልቶም ጎድሎም ሁለት ምስል ማንሣትና የማኅፀኑን የእንቅስቃሴ ክልል ከራሷ ከታካሚዋ መውሰድ ይቻላል። የዳሌ ሊምፍ ዕጢዎች እንደ ማኅፀን ስለማይዋልሉ ለእነርሱ ጠባብ ኅዳግ ይበቃል፤ ማሽኑም ላይ በየዕለቱ ምስል ማየት ይገባል። ደግሞም ጤናማ አካልን መጠበቅ ራሱ ካንሰሩን መዋጋት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ደም የሚሠራው መቅኔ ትልቅ ድርሻው በዳሌ አጥንቶችና በታችኛው የጀርባ አጥንት ውስጥ ነው። መቅኔው በጨረር ሲደቆስ የደም ሴሎች ቁጥር ይወርዳል፣ ከጨረሩ ጋር በየሳምንቱ የሚሰጠው ሲስፕላቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒትም ይቋረጣል። ያን ጊዜ የተጎዳው ሕክምናው ራሱ ነው።

ተከራካሪ ለ፦
በመቅኔው ጉዳይ አሳምነውኛል፤ ኅዳጉ ከታካሚዋ ምስል ተለክቶ በየቦታው ቢለያይም አልቃወምም። የማልስማማው ሁሉን አካል ማዳን ይቻላል ተብሎ ሲታሰብ ነው። ኦቫሪዎችን እንውሰድ፤ ከ2 ግሬይ ያነሰ ጨረር እንኳ ከእንቁላሎቹ ግማሹን ይገድላል። ስለዚህ በዳሌ ውስጥ ያሉ ኦቫሪዎችን የትኛውም ዕቅድ አያድናቸውም፤ የሚቻል ከሆነ ሕክምናው ሳይጀመር በቀዶ ሕክምና ወደ ላይ መነሣት አለባቸው። የጨረር ምንጩ ወደ ዕጢው ተጠግቶ ከውስጥ በሚሰጠው ጨረርም ከፍተኛውን መጠን የሚያገኘው 2 ሴንቲሜትር ኪዩብ የፊኛ ክፍል ከውጭኛው ጨረር ጋር ተደምሮ ከ90 ግሬይ እንዳያልፍ እንጠነቀቃለን። ዕጢው የፊኛውን ግድግዳ ከነካ ግን ለዕጢው የሚያስፈልገውን መጠንና የፊኛውን ገደብ ሁለቱንም ማሟላት የማይቻልበት ሁኔታ ይገጥማል። በዚያ ጊዜ መላላት ያለበት የፊኛው ገደብ ነው ባይ ነኝ።

ተከራካሪ ሀ፦
በዚያ ሁኔታ እኔም ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ገደቡ የሚላላው ዕቅዱን በሚሠሩት ባለሙያዎች ውሳኔ ብቻ መሆን የለበትም። ለዕጢው ሲባል ፊኛዋ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ታካሚዋ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ተነግሯት፣ ጠይቃ፣ ፈቃዷን ትስጥ።