መዶሻ የያዘውን አባራችሁ፣ ደላላውን አቀፋችሁ

የሰሜን ሸዋ ሰዎች ሆይ፣ በተለይ በበረኸትና በምንጃር ቆላ፣ ወዲህም በቀወትና በኤፍራታና ግድም በረሃ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህ ወቀሳ ለእናንተ ነው። ከንፈር አትምጠጡብኝ።

መዶሻና ካርታ የያዘ የማዕድን ጥናት ባለሙያ ቆላ ሲወርድ ምን ትሉታላችሁ? «ወርቃችንን ሊዘርፍ መጣ።» ከወንዝ ዳር ሁለት እፍኝ አሸዋ በከረጢት ሲከት ታዋክቡታላችሁ። ማታ ከከተማ ደላላ ሲመጣ ግን በግ ይታረዳል፤ «በዚህ ገደል ሥር ያለው ሀብት አገር ይገዛል» ብሏላ!

እስቲ በሁለት እፍኝ አሸዋ ማን ከበረ? ያ ናሙና ነው። ወንዝ ከላዩ ያለውን ተራራ እየላጨ ስለሚያወርድ፣ ጥቂት ደለል ስለ ተፋሰሱ ድንጋይ ብዙ ይናገራል። ቤተ ሙከራ ገብቶ መዳብ ወይም ወርቅ ከተለመደው በላይ ከተገኘበት፣ ባለሙያው ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ ምንጩን ይፈልጋል። ከዚያም ቢሆን ቁፋሮ ሳይደረግ ስንት ቶን እንዳለ የሚያውቅ የለም። ቶኑ ታውቆም የማውጫው ወጪ ከዋጋው ከበለጠ እዚያው ይቀራል።

ያ «ሀብት ነው» እያላችሁ የምታወሩለት ጥቁር ከባድ አሸዋስ? ማግኔት አስጠጉለት፤ አብዛኛው ይለጠፋል። ከደጋው ባዛልት፣ ማለትም ከጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ታጥቦ የወረደ ብረት አዘል ማዕድን ነው። የአገራችን ወርቅ በብዛት የሚወጣው እንደ ለገደንቢና አሶሳ ባሉ ቦታዎች፣ ከሌላው ድንጋይ ሁሉ ሥር ያለው ጥንታዊ ድንጋይ ከመሬት በላይ በሚታይበት ነው። የእኛን ሰሜን ሸዋ ግን በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሸፍኖታል፤ የደጋው ባዛልት ዕድሜ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው።

ባዶ ነን አላልኩም። በለሚ በኩል የኖራ ድንጋዩ ሲሚንቶ ሆኗል። መንዝ ጊሼም በ1980ዎቹ ኦፓል የተባለ የጌጥ ድንጋይ ተገኝቶ ነበር፤ ብዙው ሲደርቅ እየተሰነጠቀ ገዢ አሸሸ እንጂ። ድንጋዩ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ ከዚያ ልንማር ይገባን ነበር፤ አልተማርንም።

አሜሪካ በ1964 እ.ኤ.አ. ዱር ሆነው እንዲጠበቁ ለከለለቻቸው ቦታዎች የማዕድን ጥናት እንዲደረግ በሕግ አዘዘች። የኔቫዳና የካሊፎርኒያ በረሃዎች በኋላ በዚሁ ዓይነት ጥናት አልፈዋል። ባለሙያዎቹ ማዕድን የመኖሩን ተስፋ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ ብለው ሲመድቡ «ያልታወቀ» የሚልም ለብቻው ያስቀምጣሉ። እናንተ ያልታወቀውን ሁሉ «አለ» ብላችሁ ግራርና ገደል ትንዳላችሁ፤ ልጆቻችሁን ድጋፍ በሌለው ጉድጓድ ታስገባላችሁ።

ስለዚህ የጥናት ሰው ሲመጣ ደብዳቤውን ጠይቁ፣ መንገድ ምሩት፣ የጥናቱ ውጤት ለቀበሌው በአማርኛ እንዲደርስ አስፈርሙት። ደላላውን ደግሞ ፈቃድህን አሳየን በሉት። ከሌለው በጉን ለፋሲካ አቆዩት።