«ምላስህ ገና አልለመደም»

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ካደረ እለዝባለሁ፣ መለዘብ ደግሞ አልፈልግም።

ቢራው ያው የምታውቁት ነው። ሁሉም የሚያወራለት፣ በቢራ መመዘኛ ገጾች ላይ ከ5 ኮከብ 4.5 የተደረደረለት፣ ጭጋጋሙ አይፒኤ፤ ሆፕስ (ለቢራ ምሬትና ሽታ የሚሰጠው አበባ) የበዛበት ደፍራሳ ቢራ። እንደ ብርቱካን ጭማቂ ወርቃማ ሆኖ መውረድ ሲገባው ጎርፍ መስሎ ወረደ፤ ግራጫ የገባበት ቡናማ። አፍንጫ ሲጠጋው ማንጎ የለ፣ ፓሽን ፍሩት የለ። እርጥብ ካርቶንና ያረጀ ማር ብቻ።

«ይሄ ኦክስጅን መቶታል፤ የታሸገው መቼ ነው?» አልኩ።

ቀጂው ልጅ ብርጭቆውን ሳያሸት «ይሄ ቢራ እኮ በጣም የተወደሰ ነው» አለ።

«አውቃለሁ። ቀኑን ነው የጠየቅኩት።»

«ስታይሉ እንደዚህ ነው ወንድሜ።»

«ካርቶን የሚሸት ስታይል የለም።»

ይሄን ጊዜ ነው፣ ግራና ቀኝ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ምላስህ ገና አልለመደም። ቀለል ባለ ላገር ብትጀምር ይሻል ነበር» ያለው። ላገር በቅዝቃዜ የሚብላላው ጠራ ያለ ቢራ ነው። ጣሳው ሲገለበጥ ቂጡ ላይ የታተመው ቀን የአምስት ወር ነው። አምስት ወር! ያውም ከማቀዝቀዣ ውጪ፣ አምፖል ስር፣ ለጌጥ በተደረደረበት መደርደሪያ ላይ!

የቢራ ሰዎች የሚያውቋት ቀላል ስሌት አለች፦ 3፣ 30፣ 300። በ32 ዲግሪ ሴልሺየስ 3 ቀን፣ በ22 ዲግሪ 30 ቀን፣ በ3 ዲግሪ 300 ቀን። ሦስቱም ቢራውን በግምት እኩል ያስረጁታል። እንግዲህ አስሉት። በክፍል ሙቀት አምስት ወር የተቀመጠ ጣሳ ማቀዝቀዣ ውስጥ አራት ዓመት እንደከረመ ማለት ነው። አራት ዓመት የቆየ አይፒኤ ቀድቶ ሰው ፊት ያስቀመጠ ሰው ስለ ምላስ ምን አፍ አለው?

ደግሞ ከቢራ ሁሉ ለእርጅና የሚቸኩለው ይሄው ጭጋጋሙ ነው። ገብሱ ላይ አጃና ስንዴ በብዛት ይጨመርበታል፣ ሰውነቱ እንዲለሰልስ። ከተብላላ በኋላ ደግሞ በሊትር ከ10 እስከ 20 ግራም ሆፕስ ይነሰነስበታል፤ ድራይ ሆፕ የሚሉት ይሄ ነው። ከእህሉም ከሆፕሱም ማንጋኒዝ ይገባል። ማንጋኒዝ እንደ ብረትና መዳብ ኦክስጅንን የሚያጣድፍ ማዕድን ነው። ከሆፕሱ የመጣው ፖሊፌኖል የሚባል ውህድ ደግሞ ኦክስጅን ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ልክ ተቆርጦ የተተወ ፖም እንደሚጠቁረው። የፍራፍሬ ሽታው ቀድሞ ይሞታል፣ ቀለሙ ይከተላል፣ መጨረሻ ላይ ካርቶኑና ማሩ ይቀራሉ።

ለዚህ ነው ጠንቃቃ ጠማቂ ሲያሽግ በአንድ ሊትር ውስጥ ከ50 ማይክሮግራም በላይ ኦክስጅን እንዳይገባ የሚታገለው። ጣሳው መጀመሪያ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይታጠባል። ከዚያ ቢራው ይሞላና ክዳኑ አረፋው ላይ ይቀመጣል፤ አረፋው አየሩን ገፍቶ ስለሚያወጣ። ክዳኑ በባዶ ቦታ ላይ ካረፈ አለቀ፤ እዚያች ጣት የማትሞላ ክፍተት ውስጥ ያለው አየር የወራት ልፋት ይበላል። እንዲህ ተለፍቶበት የመጣን ቢራ አምፖል ስር ማስጣት ጠማቂውንም መስደብ ነው። እኔ የተናደድኩት ለራሴ ብቻ አይደለም።

ወደ ኮከቦቹ ልምጣ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነው። ያን 4.5 የሰጡት ሰዎች አልዋሹም። የጠጡት ግን ሌላ ቢራ ነው። ብዙዎቹ ጠመቃው በር ላይ፣ በታሸገ በሁለትና በሦስት ሳምንቱ፣ ከቀዝቃዛ ክፍል ወጥቶ ነው የቀመሱት። ጣሳው ላይ ያለው ስም አንድ ነው፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ግን ተለውጧል። ውዳሴው አያረጅም፣ ቢራው ያረጃል። ሻጩ ውዳሴውን እየጠቀሰ ሬሳውን ይሸጣል።

የዚህን ዓይነት ቢራ በር የከፈቱት ሰዎች እኮ ይሄን ከማንም በላይ ያውቁት ነበር። ሄዲ ቶፐርን ተመልከቱ። ቬርሞንት ውስጥ የተጠመቀ፣ 8 በመቶ አልኮል ያለው፣ በ2011 በጣሳ መውጣት የጀመረ። ጠማቂዎቹ ለዓመታት ከአካባቢያቸው ብዙም አላራቁትም፣ በማቀዝቀዣ ይያዝልን እያሉ ይወተውቱ ነበር። ምን ሆነ? ዝናው ሲነሳ ሰው በሞቀ ካርቶን ጠቅልሎ አገር ለአገር ይላላከው ጀመር፣ ከዚያ ጠጥቶ «ይሄን ነው እንዴ ያጋነኑት!» አለ። የካሊፎርኒያው ፕሊኒ ዘ ኤልደር የተባለው አይፒኤም ጠርሙሱ ላይ አታስቀምጡት፣ ትኩሱን ጠጡት ተብሎ ተጽፎበታል። ተጽፎበታል! ማንበብ ብቻ ነበር የሚጠይቀው። ሰው ግን ለልዩ ቀን ብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ያከርመዋል።

ከተነሳ አይቀር የባለፈውንም ልጨምር፤ የድራፍቱን። ያም ስመ ጥር ነበር፤ ሲጠጣ ፈንዲሻ ላይ የሚፈስ ቅቤ። ቅቤው ዳይአሴቲል ይባላል፤ በሊትር 0.1 ሚሊግራም ያህል ሲሆን ምላስ ይይዘዋል። ምንጩ ሁለት ነው፣ ጥፋተኛውም እንደ ምንጩ ይለያያል። ቱቦው ከሆነ ጥፋቱ የቤቱ ነው። የድራፍት መስመር በየ14 ቀኑ መታጠብ አለበት፦ 2 በመቶ ኮስቲክ (ጠንካራ ማጠቢያ ሶዳ) በሞቀ ውሃ፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ በፓምፕ እየዞረ፣ ከዚያ ጥርት እስኪል በውሃ፤ በየሦስት ወሩ ደግሞ በአሲድ፣ ቱቦው ላይ እንደ ድንጋይ የደረቀውን ዝቃጭ እንዲያነሳ። ቧንቧው አፉ ተፈቶ በብሩሽ ይፈተጋል። ይሄ ካልሆነ ባክቴሪያ ቱቦው ውስጥ ቤት ይሠራል፣ የሚወጣው ቅቤና ኮምጣጤ ነው። በአንድ መስመር ብቻ ቅቤ ከመጣ፣ ያው ቢራ በጣሳ ደግሞ ንጹሕ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ጣሳውም ቅቤ ከሆነ ግን ጠማቂው ቸኩሏል። ሆፕስ ውስጥ ኢንዛይም አለ። በብዛት ሲነሰነስ እርሾው የማይበላውን ስኳር ወደሚበላው ይቆራርጠዋል። አልቋል የተባለው መብላላት እንደገና ይነሳል፣ እርሾውም አዲስ የዳይአሴቲል ጥሬ ዕቃ ይለቃል። መድኃኒቱ ትዕግሥት ብቻ ነው፤ እርሾው ራሱ መልሶ እስኪያጸዳው ሞቅ አድርጎ ጥቂት ቀን መጠበቅ። ማረጋገጫውም ርካሽ ነው፦ ሁለት ናሙና ይወሰዳል፣ አንዱ ተከድኖ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆያል፣ ቀዝቅዞ ካልሞቀው ጋር ይሸተታል። የሞቀው ቅቤ ከሸተተ ታንኩ አይነካም። ለዚህች ግማሽ ሰዓት ጊዜ ያጣ ጠመቃ ቤት ለጣሳው ሥዕል ሠዓሊ መቅጠሪያ ጊዜ አላጣም!

አቤት፣ የጣሳ ሥዕል። ጽሑፉ ሁሉ «ደብል ድራይ ሆፕ» ነው። ደብል ማለት ምን ማለት ነው? ሁለት ጊዜ መጨመር? መጠኑን እጥፍ ማድረግ? የተስማሙበት ትርጉም የለም፤ ሁሉም እንደፈለገው ይጽፈዋል። የምሬት ቁጥሩም እንዲሁ። «100 አይቢዩ» ተብሎ የሚታተመው ብዙ ጊዜ በቀመር የተገመተ ነው እንጂ ላብራቶሪ ገብቶ የተለካ አይደለም። አይቢዩ ይጻፋል፣ የሆፕስ ዝርያ ይጻፋል፤ የታሸገበት ቀን ግን ቂጡ ላይ በሚጠፋ ቀለም ይረጫል፣ ወይ ማንም በማይፈታው ኮድ ይደበቃል፣ ወይ ከናካቴው የለም። «እስከዚህ ቀን ይጠቀሙ» ብሎ ዓመት የሚሰጥም አለ። ለአይፒኤ ዓመት! በቀዝቃዛ ተይዞም ቢሆን ከሦስት ወር በኋላ ያ የተወደሰው ሽታ አብዛኛው ተሰናብቷል።

ትኩስ የተባለ ሁሉም አይገዛ ደግሞ። በታሸገ በማግስቱ ልቀቁልን እየተባለ ሦስት ቀን ሳይሞላው የሚጠጣው ጉሮሮ ይፍቃል፤ ምላስ ጀርባ ላይ እንደ ሳር አቧራ ይቀመጣል። ያልረጋ የሆፕስ ብናኝና ፖሊፌኖል ነው። በማቀዝቀዣ አንድ ሁለት ሳምንት ቢቆም ይሰክናል። ሰልፍ የተሰለፈለት ብዙ ቢራ የሚያሳዝነው በዚህ ነው።

እና ኬክ ስታውቱ፣ እንደ ኬክ የሚጣፍጠው ጥቁር ቢራ! ቫኒላ፣ ኮኮናት፣ ካካዎ፣ 12 እና 14 በመቶ አልኮል። ፒልስነር የሚባለው ላገር መብላላቱን ሲጨርስ ጥግግቱ (ውሃ 1.000 ሲሆን) ወደ 1.010 ይወርዳል። እነዚህ 1.040 ላይ፣ አንዳንዶቹም ከ1.050 በላይ ይቆማሉ። በውስጡ የቀረው ስኳር ነው፤ የወተቱን ስኳር፣ ላክቶሱንማ፣ የቢራ እርሾ ጨርሶ አይነካውም። ለምን ከፍተኛ ኮከብ ያገኛሉ? ምክንያቱም የሚቀመሱት በ100 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ፣ በአንድ ጊዜ ከአስር ቢራ ጋር ነው። እዚያ የሚያሸንፈው የሚጮኸው ነው፤ ጣፋጩና ከባዱ። ያንኑ 473 ሚሊ ሊትር ሙሉ ጣሳ ይዛችሁ ቁጭ በሉ፤ ሩቡ ላይ አፍ ይያያዛል። ኮከቡ ለሁለት ጉንጭ የተሰጠ ነው፣ የተሸጠላችሁ ግን ሙሉ ጣሳ ነው። ፍራፍሬ የታጨቀበት ጎምዛዛውስ? ፍሬው ሳይብላላ፣ እርሾው ሳይሞት ይታሸጋል፣ ከማቀዝቀዣ ውጪ ሲውል ጣሳው ያብጣል፣ ይፈነዳል። ይሄ ጣዕም አይደለም፣ አደጋ ነው።

«ቀለል ባለ ላገር ጀምር» ነው ያለው። ቀለል ባለ! ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ላገር መደበቂያ የለውም። ሆፕስ አይሸፍነው፣ ቫኒላ አይሸፍነው። መብላላቱ በ10 ዲግሪ አካባቢ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ወደ ዜሮ ተጠግቶ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ማረፍ። ታንኩ ለሌላ ቢራ ይፈለጋል ተብሎ በሁለተኛው ሳምንት የወጣ ላገር ያልበሰለ ፖምና የተቀቀለ እንቁላል ይሸታል። ክራፍት የተጻፈባቸውና እንዲህ የሚሸቱ ስንት ላገሮች አሉ መሰላችሁ። በደንብ የተሠራው ግን ከኬኩና ከጭጋጉ ሁሉ የሚከብድ ሥራ ነው፤ ኮከብ የሚሰጠው ግን የለም። ጠማቂ ለጠማቂ ሲጋብዝ ምን እንደሚያዝ ጠይቁ።

በረደልኝ መሰለኝ። አይ፣ አልበረደም፤ ቬስትፍሌተረን 12 ትዝ አለኝ። የቤልጂየም መነኮሳት የሚጠምቁት፣ 10.2 በመቶ የሆነው፣ በ2005 በቢራ መመዘኛ ገጾች የዓለም አንደኛ የተባለው። መነኮሳቱ ያ ሁሉ ሰው ሲጎርፍ ጠመቃቸውን ለማስፋት አልቸኮሉም። እሱ በተቃራኒው ዕድሜን የሚችል ቢራ ነው፤ ጥቁርና ጠንካራ፣ ጠርሙስ ውስጥ እርሾ ያለው፣ ዓመታት ቢከርም የደረቀ ፍሬ ጣዕም የሚያበጅ። እሱን ደግሞ በበረዶ በተጋገረ ብርጭቆ በ2 ዲግሪ ያቀርቡታል! በዚያ ቅዝቃዜ ምን ይሸታል? ምንም። ከ12 እስከ 16 ዲግሪ ነው ቦታው። በረዷማው ብርጭቆ አረፋውን ያበላሻል፣ ሲቀልጥም ቢራውን ያቀጥናል። ብርጭቆው ጎን ላይ አረፋ ጥርቅም ብሎ ከተጣበቀ ደግሞ በወጉ አልታጠበም፤ ቅባት ወይም ሳሙና አለበት።

መቀዝቀዝ ያለበትን አምፖል ስር፣ ለብ ማለት ያለበትን በረዶ ውስጥ። ከዚያ ምላስህ አልለመደም።

በነገራችን ላይ ጣሳውን ገልብጬ ቀኑን ሳሳየው «ቢራ አይበላሽም» አለኝ። እውነት ነው፣ አይገድልም፤ ሆድም አያሳምም። የጠየቅኩት ግን ገዳይ ነው ወይ ብዬ አልነበረም። ጣሳውን ተቀበለኝ፣ በጨርቅ ጠረገው። ከእሱ ጋር የመጡት የቀሩት አሥራ አንዱ ግን አሁንም እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ አምፖሉ ስር፣ ሥዕላቸው ወደ ፊት ዞሮ ተደርድረዋል።