ማን ቀድሞ ይምረጥ? የአሜሪካ ፓርቲዎች ክርክር የሳተው ነጥብ

የአሜሪካ ዴሞክራቶች ለ2028ቱ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዕጩ ሲለዩ የትኛው ክፍለ ግዛት ቀድሞ ድምፅ ይስጥ በሚለው ጉዳይ እንደገና እየተሟገቱ ነው። አዮዋ የተነጠቀችውን ቦታ ትፈልጋለች። ኒው ሃምፕሸር ሕጌ ማንንም አያስቀድምም ባይ ናት። ሳውዝ ካሮላይና በ2024 ያገኘችውን ተራ በቀላሉ አትለቅም፣ ኔቫዳም ከማን አንሼ ትላለች። ይህ ሙግት በየአራት ዓመቱ ይነሳል፤ በየአራት ዓመቱም የሚያየው የሰልፉን ራስ ብቻ ነው። የዕጩው ዕጣ የሚወሰነው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ቀዳሚዎቹ አራት ክፍለ ግዛቶች ከጨረሱ በኋላ ሱፐር ቱዝዴይ (ብዙ ክፍለ ግዛቶች በአንድነት የሚመርጡበት ማክሰኞ) እስኪደርስ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሂሳቡ እንጀምር። በ2020 ዴሞክራቶች በምርጫ ውጤት የሚያከፋፍሏቸው ዴሊጌቶች (በፓርቲው ጉባኤ ዕጩውን የሚመርጡ ተወካዮች) 3,979 ነበሩ፤ ዕጩ ለመሆን 1,991 ያስፈልግ ነበር። አዮዋ 41፣ ኒው ሃምፕሸር 24፣ ኔቫዳ 36፣ ሳውዝ ካሮላይና 54 ነበሯቸው። አራቱ ተደምረው 155 ናቸው፣ ከጠቅላላው 4 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ካሊፎርኒያ ብቻዋን 415 ነበሯት። ስለዚህ ቀዳሚዎቹ ለማንም ዕጩነትን የሚያስጨብጥ ቁጥር የላቸውም። ያላቸው የማሰናበት ሥልጣን ነው። አዮዋ ላይ አምስተኛ የወጣ ተወዳዳሪ በዴሊጌት ቆጠራ ያጣው ኢምንት ነው፤ በማግስቱ ግን ለጋሾቹ ስልክ አያነሱለትም፣ ለሠራተኞቹ የሚከፍለው ደመወዝ ያጥረዋል፣ ለቀጣዩ ክፍለ ግዛት የያዘውን የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ይሰርዛል። አብዛኛው ተወዳዳሪ ከውድድሩ የሚወጣው ሌላው ዴሊጌቱን ጠቅልሎ ስለወሰደበት አይደለም፤ ገንዘብ አልቆበት ነው።

አዮዋም ብትሆን ከፊት የተገኘችው ማንም አስቦባት አይደለም። በ1968 ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሂዩበርት ሃምፍሪ በአንድም ፕራይመሪ (መራጩ የፓርቲ ዕጩ የሚለይበት ምርጫ) ሳይመዘገብ ቺካጎ በተደረገው የዴሞክራቶች ጉባኤ ዕጩ ሆነ፤ ከአዳራሹ ውጭ የነበረው ሁከትና ውስጥ የነበረው ቁጣ ፓርቲውን ደንቡን እንዲለውጥ አስገደደው። በአዲሱ ደንብ መሠረት ዴሊጌቶች በግልጽ ጥሪና በምርጫው ዓመት ውስጥ መመረጥ ነበረባቸው። የአዮዋ ኮከስ (የፓርቲ ደጋፊዎች ተሰብስበው የሚመርጡበት መንገድ) ደግሞ በአንድ ምሽት አያልቅም፤ ከሠፈር ስብሰባ ወደ ካውንቲ፣ ከካውንቲ ወደ ኮንግረስ ወረዳ፣ ከዚያ ወደ ክፍለ ግዛቱ ጉባኤ ይሄዳል። በየደረጃው መካከል የዝግጅት ጊዜ ስለሚያስፈልግ የመጀመሪያው ስብሰባ ወደ ጃንዋሪ 24 ቀን 1972 ተሳበና ኒው ሃምፕሸርን ቀደመ። ጂሚ ካርተር ከአራት ዓመት በኋላ የዚህን ጥቅም አወቀበት። ያገኘው 27.6 በመቶ ነበር፤ ለማንም ገና አልወሰንም ያሉት ደግሞ 37.2 በመቶ ነበሩ። ዜናው ግን አሸናፊ ያደረገው ካርተርን ነው።

ከዚያ ወዲህ የአዮዋ ዋጋ የሚለካው በዜናው ፍጥነት እንጂ በቆጠራው ጥራት አይደለም። ጃንዋሪ 3 ቀን 2012 ምሽት በሪፐብሊካኖቹ ውድድር ሚት ሮምኒ በ8 ድምፅ አሸነፈ ተባለ። ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ የወጣው የተረጋገጠ ቆጠራ ሪክ ሳንቶረም በ34 ድምፅ እንደሚበልጥ አሳየ፤ በመካከሉ ግን ኒው ሃምፕሸር መርጣ ጨርሳለች፣ ሮምኒም ሁለቱንም እንዳሸነፈ ተወርቶለታል። ይባስ ብሎ፣ በዚያው ዓመት ከአዮዋ ወደ ብሔራዊው ጉባኤ ከሄዱት ዴሊጌቶች አብዛኞቹ በኮከሱ ምሽት ሦስተኛ የወጣው የሮን ፖል ደጋፊዎች ነበሩ። ሌላው ወደ ቤቱ ሲሄድ እነሱ እስከ ክፍለ ግዛቱ ጉባኤ ድረስ በየስብሰባው ስለቆዩ ነው። በ2020 ደግሞ የየሠፈሩ ሰብሳቢዎች ውጤት የሚልኩበት የስልክ መተግበሪያ ተበላሽቶ በዚያ ምሽት አሸናፊ ሳይታወጅ ነጋ። አራተኛ ለወጣው ለጆ ባይደን ይህ ብልሽት ያልታሰበ ሲሳይ ነበር፤ ሽንፈቱ የዜና አርዕስት ሳይሆን ቀረ።

ቀን መቁጠሪያውን ማስተካከል እንዲህ የሚከብደው ለምንድን ነው? ቀኑን የሚወስነው ፓርቲው ስላልሆነ ነው። ፕራይመሪ አብዛኛውን ጊዜ በመንግሥት ወጪ፣ በክፍለ ግዛት ሕግ፣ በመንግሥት የምርጫ ሠራተኞች ይካሄዳል። የኒው ሃምፕሸር ሕግ ምርጫው ከሌላው ተመሳሳይ ምርጫ ቢያንስ ሰባት ቀን እንዲቀድም ያዛል፤ ቀኑን የሚቆርጠውም የክፍለ ግዛቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት (ምርጫን የሚያስተዳድረው ባለሥልጣን) ነው። የዴሞክራቶች ብሔራዊ ኮሚቴ ለ2024 ሳውዝ ካሮላይናን በፌብሩዋሪ 3 ሲያስቀድም ኒው ሃምፕሸር ጃንዋሪ 23 መረጠች፤ ባይደን ስሙ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ሳይኖር ደጋፊዎቹ በእጃቸው ጽፈው አሸነፈ። በዚያው ዕቅድ ጆርጂያ ወደ ፌብሩዋሪ 13 እንድትመጣ ተፈልጎ ነበር፤ የክፍለ ግዛቱ ሪፐብሊካን ባለሥልጣናት እምቢ አሉና በማርች 12 ቀረች። በሌላው ፓርቲ እጅ ያለን ቀን በኮሚቴ ውሳኔ ማንቀሳቀስ አይቻልም።

ቅጣቱም ጥርስ የለውም። በ2008 ሚሺገንና ፍሎሪዳ ከተፈቀደላቸው ቀን ቀድመው በመምረጣቸው ዴሞክራቶቹ መጀመሪያ ዴሊጌቶቻቸውን በሙሉ ሰረዙባቸው፣ በሜይ መጨረሻ ግማሽ ድምፅ መለሱላቸው፣ ጉባኤው ላይ ደግሞ ሙሉውን ሰጧቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጉባኤው ሲደርስ አሸናፊው ይታወቃል፣ አሸናፊ ደግሞ በኖቬምበር የሚያስፈልጉትን ክፍለ ግዛቶች ማስቀየም አይፈልግም።

ሰልፉን ለራሳቸው እንዲመች አድርገው የቀየሱት ሰዎች ራሳቸው ብዙ ጊዜ ስተዋል። በ1988 የደቡብ ዴሞክራቶች ለዘብተኛ ዕጩ እናወጣለን ብለው ክፍለ ግዛቶቻቸውን በማርች 8 ላይ አከማቹ። የሆነው ሌላ ነው፤ ጄሲ ጃክሰን በጥቁር መራጮች ድጋፍ ከጆርጂያ እስከ ሚሲሲፒ አሸነፈ፣ አል ጎር ቴነሲንና ኬንታኪን ወሰደ፣ ትልልቆቹን ቴክሳስንና ፍሎሪዳን የማሳቹሴትሱ ማይክል ዱካኪስ ያዘ፤ መጨረሻ ላይም ዕጩ የሆነው እሱ ነው። ፍሎሪዳ ደግሞ በ2016 ቀኗን በማርች 15 ላይ ያደረገችው፣ ከቀዳሚዎቹ አራት በቀር ለሌሎቹ ክፍለ ግዛቶች የሪፐብሊካን ደንብ አንደኛ የወጣው ሁሉንም እንዲጠቀልል የሚፈቅደው ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለሆነ ነው። ብዙዎች ይህን ያዩት ለልጆቿ ለጄብ ቡሽ ወይም ለማርኮ ሩቢዮ እንደተዘጋጀ ስጦታ ነበር። ዶናልድ ትራምፕ በ45.7 በመቶ 99ኙንም ዴሊጌቶች ወሰደ፤ ቡሽ ቀድሞ ወጥቶ ነበር፣ ሩቢዮም በዚያው ምሽት ተሰናበተ።

ይህ ምሳሌ ክርክሩ የሚዘለውን ነገር ያሳያል። ቅደም ተከተል ብቻውን አይሠራም፤ ከዴሊጌት አከፋፈል ደንብ ጋር ተጣምሮ ነው የሚሠራው። ዴሞክራቶች በሁሉም ክፍለ ግዛት ዴሊጌት የሚያካፍሉት ቢያንስ 15 በመቶ ላገኙት ነው። በ2020 ኒው ሃምፕሸር ላይ በርኒ ሳንደርስ 25.6፣ ፒት ቡቲጀጅ 24.3፣ ኤሚ ክሎቡሻር 19.7 በመቶ አግኝተው 9፣ 9 እና 6 ተካፈሉ። የጎረቤት ክፍለ ግዛት ሴናተሯ ኤልዛቤት ዋረን በ9.2 በመቶ፣ ባይደን በ8.4 በመቶ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ሪፐብሊካኖች ዘንድ ደግሞ በ2016 ትራምፕ ሳውዝ ካሮላይናን በ32.5 በመቶ አሸንፎ 50ውንም ዴሊጌቶች ጠቀለለ፤ ሩቢዮና ቴድ ክሩዝ እያንዳንዳቸው ከ22 በመቶ በላይ አግኝተው አንድም አልደረሳቸውም። ከሦስት መራጭ ሁለቱ ሌላ ሰው መርጦ ሳለ ማለት ነው። ዴሞክራቶች ዘንድ ቢሆን ይኸው ውጤት ለሦስት ይካፈል ነበር። በሪፐብሊካኖቹ ደንብ የተከፋፈለ ተቃውሞ ወዲያው ይቀጣል። በዴሞክራቶቹ ደንብ ደግሞ አንዴ የተገኘ ብልጫ በቀላሉ አይጠብም፤ በ2008 ሂላሪ ክሊንተን ኦሃዮንና ፔንሲልቬኒያን አሸንፋ እንኳ ባራክ ኦባማ በፌብሩዋሪ የሰበሰበውን ልዩነት መሙላት አልቻለችም።

አሁን ወደ እነዚያ ጥቂት ቀናት እንምጣ። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2020፣ ቅዳሜ፣ ባይደን ሳውዝ ካሮላይናን በ48.6 በመቶ አሸነፈ፤ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ የኮንግረስ አባሉ ጂም ክላይበርን ድጋፉን ሰጥቶት ነበር። ከ54ቱ ዴሊጌቶች 39ኙ የእሱ ሆኑ። እሑድ ቡቲጀጅ ወጣ። ሰኞ ክሎቡሻር ወጣች፤ በዚያው ምሽት ሁለቱም ዳላስ ተገኝተው ድጋፋቸውን ለባይደን ሰጡ። ማክሰኞ 14 ክፍለ ግዛቶች መረጡ፣ ባይደን 10ሩን አሸነፈ፣ የክሎቡሻርን ሚኒሶታ ጨምሮ። ከጠቅላላው ዴሊጌት ሲሶው በአንድ ቀን ተከፋፈለ። ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ማንም አዲስ ቢሮ ሊከፍት፣ ማስታወቂያ ሊሠራ፣ በጎ ፈቃደኛ ሊያሰማራ አይችልም፤ መራጩ የሰማው አሸንፏልና ተሰብሰቡ የሚለውን ዜና ብቻ ነው። በእኔ እምነት ሳውዝ ካሮላይና ከሱፐር ቱዝዴይ በሦስት ቀን ሳይሆን በሦስት ሳምንት ብትቀድም ኖሮ ያ ውድድር ይህን መልክ አይዝም ነበር። ባይደን ያሸንፍ ይሆናል፤ ግን ተፈትኖ ነበር የሚያሸንፈው።

የባከነው ድምፅም አለ። በሱፐር ቱዝዴይ የምትመርጠው የካሊፎርኒያ ሕግ የፖስታ ድምፅ መስጫ ከምርጫው 29 ቀን ቀድሞ እንዲላክ ይፈቅዳል፤ በ2020 ያ ቀን ፌብሩዋሪ 3 ነበር፣ የአዮዋ ኮከስ የዋለበት ዕለት። ወረቀቱን በፌብሩዋሪ አጋማሽ ለቡቲጀጅ ሞልቶ የመለሰ ሰው ማርች 1 ላይ ሐሳቤን ልቀይር ቢል አይችልም።

ወደ እኛ ሰው ስንመጣ የቀኑ ነገር በመኪና የሃያ ደቂቃ ርቀት ያህል ቅርብ ሆኖ ይታያል። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር ሐበሻ በሱፐር ቱዝዴይ ይመርጣል፤ ቨርጂኒያ መራጮችን በፓርቲ ስለማትመዘግብ ዕለቱን የፈለገውን ፓርቲ ወረቀት ይወስዳል። ወንዙን ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለው ወንድሙ በ2020 ኤፕሪል 28 ሊመርጥ ነበር፣ በኮቪድ ምክንያት ወደ ጁን 2 ተዛወረ፤ የመጨረሻው ተፎካካሪ ሳንደርስ ግን ኤፕሪል 8 ላይ ወጥቶ ነበር። በ2024ም በሪፐብሊካኖቹ ውድድር ኒኪ ሄሊ ማርች 6 ስትሰናበት የሜሪላንድ ፕራይመሪ ገና ሁለት ወር ይቀረው ነበር፣ ሜይ 14 ነበርና። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በሜሪላንድም በዲሲም በፓርቲው ፕራይመሪ ለመምረጥ አስቀድሞ በዚያ ፓርቲ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ይህን ሳያውቁ በዕለቱ ሄደው የሚመለሱ አሉ። በአንጻሩ ላስ ቬጋስ ታክሲ የሚነዳው ወይም ካዚኖ የሚሠራው ወገን በቀዳሚዋ ኔቫዳ ስለሚኖር ተወዳዳሪው ራሱ እጁን ሊጨብጠው ይመጣል።

መፍትሔ ተብለው ከቀረቡት መካከል አገሪቱን በአራት ቀጣና ከፍሎ በየምርጫው ቀዳሚውን ማፈራረቅ የቆየው ነው። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ በአሥር ክፍለ ግዛቶች ማስታወቂያ መግዛት ለሚችል ብቻ በር ይከፍታል። ካርተርን ያወጣው ትንሽ ክፍለ ግዛት ነው፤ በየቤቱና በየምግብ ቤቱ እየዞሩ በጥቂት ገንዘብ መወዳደር የሚቻለው እዚያ ነው። ገንዘብ ብቻውን እንደማይበቃም በ2020 ማይክል ብሉምበርግ አሳይቷል፤ አራቱን ቀዳሚዎች ዘልሎ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ካፈሰሰ በኋላ ያሸነፈው አሜሪካን ሳሞአን ብቻ ነው። ስለዚህ ትንንሾቹ ከፊት ይሁኑ፤ እነማን ይሁኑ የሚለው ይፈራረቅ። መቀየር ያለበት ከእነሱ በኋላ ያለው ነው፤ ከአራተኛው እስከ ሱፐር ቱዝዴይ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይኑር፣ በአንድ ቀን የሚከፋፈለው ዴሊጌትም ጣሪያ ይበጅለት።

ዴሞክራቶች ቀናቸውን ወደ ኤፕሪል፣ ሜይና ጁን ለሚገፉ ክፍለ ግዛቶች ተጨማሪ ዴሊጌት መስጠት ከጀመሩ ቆይተዋል። ጉርሻው ግን አነስተኛ ነው፤ ውድድሩ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ተጨማሪ ዴሊጌት ለገዥውም ሆነ ለምክር ቤቱ ምን ይረባዋል? እጥፍ ቢሆን እንኳ ያጠራጥራል። ይበልጥ ተስፋ ያለው በ2020 አላስካ፣ ሃዋይ፣ ካንሳስና ዋዮሚንግ የሞከሩት ነው፤ መራጩ ተወዳዳሪዎችን በቅደም ተከተል ይጽፋል፣ የመጀመሪያ ምርጫው 15 በመቶ ካልሞላ ድምፁ ወደ ቀጣዩ ይዛወራል። በፖስታ ቀድሞ የመረጠ ሰው ዕጩው ቢወጣበትም ድምፁ አይሞትም። ችግሩ እነዚያ አራቱ ምርጫውን ያካሄዱት በፓርቲ ወጪና አስተዳደር መሆኑ ነው፤ መንግሥት በሚያካሂደው ፕራይመሪ ይህን ለማድረግ ሕግ ማውጣት፣ ማሽን ማስተካከል፣ ለቆጠራ ተጨማሪ ቀን መስጠት ይጠይቃል። ካሊፎርኒያ ደግሞ ያለዚያም ለመቁጠር ሳምንታት ይወስድባታል።

ኮሚቴው የ2028ን ሰልፍ ሲያወጣ የመጀመሪያውን ስም ትቼ የማየው አራተኛው ክፍለ ግዛት የሚመርጥበትን ቀንና ካሊፎርኒያ እስከምትመርጥበት ሱፐር ቱዝዴይ ያለውን የቀን ርቀት ነው። በ2020 3 ቀን ነበር። በ2024 አራተኛ ከመረጠችው ከሚሺገን እስከ ሱፐር ቱዝዴይ 7 ቀን ሆነ፤ ያ ግን ለባይደን ብርቱ ተፎካካሪ በሌለበት ዓመት ነበር።