ፋይበር ገባ፣ ሰበብ ወጣ

አበሻ ስልክ ዘግቶ አያውቅም፤ ስልኩ ነው የሚቆረጥበት። የዘመድ ወሬ ከጤና ወደ ብድር ማዘንበል ሲጀምር፣ አለቃ ቅዳሜ ከሰዓት «አንዴ ላስቸግርህ ነበር» ሲል፣ ያኮረፍናት አክስት በስንት ጊዜዋ ደውላ የዕርቁን ነገር ስታነሣ፣ «ሃሎ... ሃሎ... እየቆራረጠ ነው... አይሰማኝም...» እንልና ቀዩን እንጫናለን። ማንም ማንንም አላስቀየመም። ደዋዩ ገብቶታል፤ እንደገባው ለእኛም ገብቶናል፤ ነገ እሱም በሌላው ላይ ያደርገዋል። በዚህች አገር ስንት ዝምድናና ስንት እንጀራ በኔትወርክ ድካም ሳይበጠስ እንደኖረ የቆጠረው የለም።

በዚህ መሐል ነው የፋይበር ኢንተርኔት የመጣው።

ማስታወቂያው የሚያወራው ስለ ፍጥነት ብቻ ነው። ፊልም ቶሎ ይወርዳል፣ ጨዋታ አይንተባተብም፣ ቤተሰቡ በሙሉ በአንዴ ይጠቀማል ይላል። ስለ ይሉኝታ ያነሣ ማስታወቂያ እስካሁን አላየሁም። ይኸው ፍጥነት ቤት በገባ ቁጥር ይሉኝታ የሚሸሸግበት ጥግ እያጣ ነው።

ነገሩ እንዲገባን ትንሽ ወደ መዳቡ የስልክ ሽቦ ዘመን እንመለስ። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ሞደሙ በስልክ መስመር ላይ እየጮኸ ነበር የሚገናኘው፤ ጣሪያው በሰከንድ 56 ኪሎ ቢት ነው፤ አንዱ ኢንተርኔት ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ስልኩ ለቤተሰቡ ሁሉ «ተይዟል»። ከውጭ የተላከ የሠርግ ፎቶ ከላይ ወደ ታች ነበር የሚወርደው፤ መጀመሪያ የአዳራሹ መጋረጃ፣ ቀጥሎ የሙሽራው ፀጉር፣ ከዚያ ግንባሩ። አቦል ላይ የተጀመረ ፎቶ በረካ ላይ አገጩ ይደርሳል። ሙሽራይቱን ለማየት ሌላ ቡና ይቆላል።

ቀጥሎ በዚያው የመዳብ ሽቦ ላይ ኤዲኤስኤል የሚሉት ኢንተርኔት መጣ፤ እውነተኛው የይሉኝታ ወርቃማ ዘመን እሱ ነበር። የዚያ መስመር ጠባይ ወደ ቤት ሲገባ ሰፊ፣ ከቤት ሲወጣ ጠባብ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት በወረቀት ላይ 8 ሜጋ ቢት ሲያስገባ የሚያስወጣው 1 ሜጋ ቢት ገደማ ነበር፤ ቤቱ ከቴሌ ጣቢያው በራቀ ቁጥር ደግሞ እሱም ይሳሳል። ይህ በቪዲዮ ጥሪ ላይ ሲመነዘር፣ ዋሺንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድማችን ለእኛ ከነሽበቱ ጥርት ብሎ ይታየናል፤ እኛ ግን ለእሱ የምንታየው ቡናማ ጭጋግ ሆነን ነው። ከጭጋጉ ውስጥ «ደህና ነን፣ ተመስገን፣ ምንም አልጎደለብን፤ ብቻ ያ ጣሪያ ዘንድሮም ክረምቱን ሊያሳልፈን አልቻለም» የሚል ድምፅ ይወጣል። ወንድምየው ጭጋጉ ያሳዝነዋል። ይልካል።

ፋይበር ይህን ነው ያፈረሰው። ከፀጉር ብዙም የማይወፍር መስታወት ነው፤ በውስጡ የሚሄደው ብርሃን ነው፤ ብርሃን ደግሞ ለመግባትም ለመውጣትም አይጠበውም። በዓለም ላይ በብዛት የተዘረጋው ጂፖን የሚሉት አሠራር 2.5 ጊጋ ቢት እያስገባ 1.25 ጊጋ ቢት ያስወጣል። ቀጣዩ ትውልድ የሚባለው ኤክስጂኤስ-ፖን ደግሞ 10 ጊጋ ቢት ያስገባል፣ 10 ጊጋ ቢት ያስወጣል። ጥርት ላለ የቪዲዮ ጥሪ 4 ሜጋ ቢት ገደማ ይበቃል። እንግዲህ ጭጋጉ በአንድ ቀን ተገፈፈ ማለት ነው።

በአንድ የማውቀው ቤት ሰዎቹ መሰላላቸውን ይዘው መጥተው፣ ግድግዳውን በስተው፣ ነጭዋን የዋይፋይ ሣጥን ቡፌው ላይ አስቀምጠው በሄዱ በዚያው ሳምንት እሑድ ወንድምየው ደወለ። የተለመደው ሰላምታ ከነምርቃቱ አለቀ። ከዚያ ትንሽ ዝም አለና፦

«እትዬ፣ ስልኩን እስቲ ትንሽ ቀና አድርጊው።»

«ምን አልከኝ የኔ ጌታ? እየቆራረጠ ነው።»

«ኧረ አልቆረጠም፣ በደንብ ይሰማል። ያ ኮርኒስ... አሮጌው አይደለም እንዴ?»

አሮጌው ነው። የአምናው ዝናብ የተወው ቡናማ እድፍ ከነክቡ፣ የካቻምናውም ከጎኑ፣ በመሐሉ የተገነጠለው አቡጀዲ ጭምር፣ አንድም ሳይቀር ሲልቨር ስፕሪንግ ገባ። እትዬ ስልኩን ከጣሪያው ለማሸሽ ወደ ጎን ስታዞረው ደግሞ ግድግዳውን የሞላው ባለ 65 ኢንች ገባ።

«ቴሌቪዥኑስ?»

«እሱማ ለልጁ ትምህርት ነው።»

ልጁ በዚያች ሰዓት ትምህርቱን በአራት ኬ ጥራት እየተከታተለ ነበር፤ አርሰናል አንድ ለዜሮ ይመራል። (እንዲህ ያለው ጥራት 15 ሜጋ ቢት ገደማ ይፈልጋል። በኤዲኤስኤሉ ዘመን ቢሆን ኳሱም ትምህርቱም አይታይም ነበር።)

እትዬ ግን እጅ የምትሰጥ ሴት አይደለችም። ወንድምዋ ሁልጊዜ «ቢሮ ነኝ» እያለ ሲደውል ደረቱ ላይ የመኪና ቀበቶ፣ ከኋላው ወንበር ላይ የተደረደረ የምግብ ፌስታል ለስንት ዓመት ታየው ኖሯል። ዝም ያለችው ስላልታያት አይደለም። እሱ ጣሪያውን አያይም፣ እሷም ቀበቶውን አታይም፤ ሳይፈራረሙ የተዋዋሉት ውል ነበር። ውሉን መጀመሪያ ያፈረሰው እሱ ነው።

«አንተስ ወንድም ዓለም፣ ቢሮህ መሪ አለው እንዴ?»

አሁን ሁለቱ በድምፅ ብቻ ነው የሚደዋወሉት። ቤቱ በወር የሚከፍለው ግን የ100 ሜጋውን ነው።

ስለ 100 ሜጋ ካነሣን አይቀር፣ ይህ ቁጥር አዲስ የማዕረግ ስም ሆኗል። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ፓስወርድ ይጠይቃል፤ የልጆቹን ጤና ቀጥሎ። ባለቤቱ ደግሞ እጣኑ ሳይጨስ ስልኩን አውጥቶ የፍጥነት መለኪያውን ያስነሣል። መርፌዋ ተነሥታ 94 ላይ ስትቆም እንግዶቹ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። «እኛ ሰፈር 40ም አይሞላ» ይላል አንዱ፣ በቅናት። ከዚያ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ቴሌግራም ላይ የተላከለትን «እንኳን ለዕለተ ሰንበት አደረሳችሁ» ይከፍትበታል። 100 ሜጋ ሲባልም ቢት እንጂ ባይት አይደለምና በስምንት ሲካፈል በሰከንድ 12 ሜጋ ባይት ተኩል ነው የሚወርደው፤ ይህን ግን ቡና ላይ ማንሣት ነውር ነው። ሰው ደስ ብሎታል።

የማታው ነገር ሌላ ነው። ከጣቢያው የተነሣችው አንዲት የመስታወት ክር ሰፈር ስትደርስ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ትከፋፈላለች። ሳንጠራራና ዳኛ ሳንመርጥ ዕድርተኛ ሆነናል ማለት ነው። ቀን ቀን ድንኳኑ ባዶ ነው። ማታ ሁሉም ኳሱንና ተከታታይ ፊልሙን ሲከፍት ይጠባል፤ በቀጣዩ ትውልድ ግን ድንኳኑ ሲሰፋ የ«ማታ ማታ ይጎተታል» ሰበብም አብሮ ይሄዳል። ሰነፍ ተማሪ ከወዲሁ ይዘጋጅ።

ፍጥነት የማይደርስበት አንድ ነገር አለ፤ ርቀት ነው። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። አዲስ አበባና ዋሺንግተን በአየር መስመር እንኳ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ፤ ባሕር የለንምና ገመዱ መጀመሪያ በጎረቤት አገር አቋርጦ ነው ውቅያኖስ የሚገባው። ስለዚህ ስንት ጊጋ ቢከፈልበት ደርሶ መልሱ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በታች አይወርድም። በዚያች ቅጽበት ሁለት ሰው እኩል «እንዴት ነህ» ብሎ እኩል ዝም ማለት ይችላል። ውሸት ለማቀናበር ግን አትበቃም፤ እኔ ሞክሬያታለሁ።

ሰበብ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚሞት ነገር አይደለም፤ ከመንገድ ሲባረር ቤት ገባ። ቃል የተገባልን ፍጥነት ነጭዋ ሣጥን ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእኛ የቤት ጣጣ ነው። ዋይፋይ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሞገድ ይመጣል፤ 5 ጊጋ ኸርዙ ፈጣን ነው ግን ግድግዳ ይፈራል፣ 2.4ቱ ግድግዳ ይደፍራል ግን ቀርፋፋ ነው። ወፍራም የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ማጀት ባለበት ግቢ ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። «ጓዳ ነበርኩ፣ አይደርስም» የሚባል ሰበብ ተወለደ። ሣጥኗ ደግሞ በብዙ ቤት ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጋር ተቆልፋ፣ ወይም ላይዋ ላይ ዳንቴል ተነጥፎ፣ በዳንቴሉ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ተጭኖባት ነው የምትኖረው። ለእውነቱ ዳንቴሉ ሞገዱን አያግደውም፤ ሙቀቷን ነው የሚያፍንባት። ይህን የነገርኳቸው አንዲት እናት «ታዲያ ራቁቷን ትቀመጥ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ተከራይ በበዛበት ግቢ ደግሞ ሣጥኗ ያለችው አከራይዋ መኝታ ቤት ነው። ሒሳቡ ከመብራቱና ከውኃው ጋር ተደምሮ በነፍስ ወከፍ ይከፈላል፤ ማታ አራት ሰዓት ሲሆን አከራይዋ ሶኬቱን ይነቅሉታል። በዚያ ግቢ ሌሊት ሌሊት ከአሜሪካ ጋር የሚሠራ አንድ ልጅ አለ። ደጃቸው ቆሞ «እትዬ፣ ዋይፋዩ ጠፋ» ይላል።

«አልጠፋም ልጄ፣ እኔ ነኝ ያሳረፍኩት። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ሌሊትም ሊሠራ ነው? ግፍ አይሆንም?»

«እሱ አይደክመውም እኮ እትዬ፤ የሚበላውም መብራት ከትንሽ አምፖል አይበልጥም።»

«አንተስ አይደክምህም? ሂድ ተኛ!»

አሜሪካ ያለው አሠሪ ይህን በምን ቋንቋ ይረዳዋል? ልጁ «የአካባቢው አቅርቦት ላይ የታቀደ ጥገና አለ» ብሎ ይጽፍለታል። ከዚህ የተሻለ አባባል እኔም አላገኘሁለትም።

የመዳብ ሽቦ ሲበጠስ የሰፈር ልጅ በጥርሱ ልጦ፣ ጠምዝዞ፣ በፕላስተር ጠቅልሎ በአሥር ደቂቃ ይመልሰው ነበር። መስታወት በጥርስ አይላጥም። ብየዳው የራሱ ማሽን፣ የራሱ ባለሙያ፣ የራሱ ንጽሕና ይፈልጋል። ስለዚህ መንገድ ተቆፍሮ፣ ኤክስካቫተሩ ገመዱን ይዞት ሲነሣ ሰፈሩ ሁሉ እያማረረ ነው የሚወጣው፤ ፊቶቹን ጠጋ ብሎ ላየ ግን ግማሹ ላይ ዕረፍት ይነበባል። በፎቶ የሚረጋገጥ፣ ማንም የማይከራከረው ሰበብ ተገኘ።

ከሁሉም ግን የመብራቱ ይበልጣል። የድሮው የመዳብ ስልክ ኃይሉን ከጣቢያው በዚያው ሽቦ ያገኝ ስለነበር ሰፈር ጨልሞ እንኳ ይሠራል፤ በጨለማ «እናንተም ጋ ሄደ?» ብለን የተጠያየቅነው በእሱ ነው። ነጭዋ ሣጥን ግን የቤት ሶኬት ጥገኛ ናት፤ ባትሪ ካልተገዛላት መብራት ሲሄድ እሷም ትሄዳለች፤ ሳትሰናበት፣ ቃሉን አፍ ላይ ትታ። ለዚህ ነው እውነተኛ የመብራት መጥፋት ማስታወቅ የማይቻለው፤ የሄደበት ሰው ለማስታወቅ ጊዜ አያገኝም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነበር።

ባለፈው አንድ መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት ስብሰባ ላይ ነው። አለቅየው የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ማን እንደሚያቀርብ ስም እየጠሩ መጡ፤ ተራው የደረሰው ልጅ ድምፁን ከፍቶ ፈጠን ብሎ፦

«ጋሼ ይቅርታ፣ አሁን በዚህች ደቂቃ መብራት ሄደብን!»

አለቅየው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«አይዞህ፣ እንጠብቅሃለን። ብቻ እስኪመጣ ከኋላህ ያለችውን አምፖል አጥፋት፤ ብርሃኗ ዓይናችንን ወጋው።»